በረደ

በሳስካቱን፣ ደጋና ቆላ ጎረቤታም አገሮች አይደሉም፤
አንድ ቤት በተራ ይከራያሉ እንጂ፣ በር ላይ እንኳ አይገናኙም።
በሐምሌ ሠላሳ ስድስት ነው፤ አስፋልቱ ጫማ ይልሳል፣
የደረቀ ሣር ሽታ እስከ ሰባተኛ ፎቅ ይደርሳል።
በጥር ያው መንገድ፣ ያው ደጃፍ፣ ከዜሮ በታች አርባ፣
ሽፋሽፍት ከሽፋሽፍት ይሰፋል፣ ሳያለቅሱ በወጣ እንባ።
መኪኖች ሌሊቱን ሙሉ፣ ከአፍንጫቸው በወጣ ገመድ
ከየግድግዳው መብራት ይጠባሉ፣ እንደ ጥጃ ተሰልፈው ባንድ።

አርባ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፦
ዓመቱን ሙሉ የሚጣሉት የኛና የአሜሪካኖቹ መለኪያ
እዚያች ቁጥር ላይ ይስማማሉ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ካሣ መክፈያ።
ኦረስት ነው ይህን የነገረኝ፣ ጢሙ ነጭ ሽቦ ሆኖ፤
«ሰውም እስኪታረቅ» አለኝ፣ «ስንት ድረስ ይወርድ ይሆን?»

ሥራችን ቧንቧ ጥገና ነው። እሱ አለቃ፣ እኔ አካፋ።
የከተማው ውሃ ዘጠኝ ጫማ ታች ተኝቷል፣
ብርድ አይደርስበትም ተብሎ።

ስጀምር፣ ቧንቧ በጥር የሚፈነዳ መስሎኝ ነበር።
ኦረስት ሳቀ። «ብርድ እግረኛ ነው» አለ።
«ላይ ላዩን ሲመጣ ሁሉም ያየዋል፣ ኮፍያ ይደፋል፣ ጓንት ያጠልቃል፤
ወደ ታች ግን ቀስ እያለ ነው፣ በቀን አንድ ጣት ያህል ይዘልቃል።
በመጋቢት ፀሐይ ወጥታ ጣሪያው ሲያንጠባጥብ፣
ልጆች ኮት ጥለው ሲሮጡ፣ ሰው በረንዳ ላይ ሲሰበሰብ፣
እሱ ገና እየወረደ ነው።
በጥር የነካውን በሚያዝያ ነው የሚሰብረው።»

ሚስቱ ሃልያ የሞተችው በጥር ነው።
መቃብር ቆፋሪዎቹ መሬቱን ሁለት ቀን በጋዝ እሳት አሞቁላት።
በሦስተኛው ቀን ኦረስት ሥራ ገባ፣
ፔርሙዙን ይዞ፣ የራስ ቁሩን ደፍቶ።
አንድ ቀን አልቀረም፤ ቀልዱም ከአፉ አልጎደለ።
«በረደለት» አልኩ በሆዴ፣ በራሴ ቋንቋ።
በእኛ አማርኛ የበረደ ነገር ያለቀለት ነው፤
ጠብ ይበርዳል፣ ቁጣ ይበርዳል፣
ሐዘን ሲበርድ ተመስገን ይባላል።
ቃሉን የሠሩት ሰዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣
ሳስካቱንን አያውቋትም።

ሚያዝያ ላይ ፔሊካኖቹ መጡ፣
አፋቸው ከረጢት የሆነ፣ ክንፋቸው አንሶላ የሚያህል።
ከተማው በነሱ ይወራረዳል፣ ወንዙ ላይ የሚያርፉበትን ቀን ለማወቅ።
በዚያ ሳምንት አስራ ሰባት ቦታ ቧንቧ ፈነዳ።

ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነበርን፣ በሸሚዝ፣ ጀርባችንን ፀሐይ እየላሰው፤
ውሃው ጭቃ ይዞ ከስንጥቁ ይፈልቃል፣
አንዲት ሴትዮ ጋራዥ ገብቷል፣ ሴትዮዋ ትጮሃለች።
አንድ ወፍ በላያችን አለፈ። ጥላው ጉድጓዱን አቋረጠ።
ኦረስት ቀና አለ፣
አካፋውን አስቀመጠ፣ ብርጭቆ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣
እግሩን ወደ ጉድጓዱ ሰዶ ተቀመጠ።
«ዛሬ ነው» አለኝ፤
«እሷ ገና በታኅሣሥ ገምታ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ
ጽፋ የለጠፈችው ቀን።»

ከዚያ የሆነውን አላየሁም፤
መዝጊያውን ፍለጋ ጎንበስ ብዬ ቆየሁ፣ ከሚያስፈልገው በላይ።
ሴትዮዋም፣ ምን እንዳየች እንጃ፣ ዝም አለች።

ሰኔ ላይ ትንኝና ሐሩር፣ ሰው ሁሉ በአጭር ሱሪ፣
ሌላ መንገድ ላይ ሌላ ጉድጓድ ወረድኩ።
ዘጠኝ ጫማ ታች ግድግዳውን በባዶ እጄ ነካሁት፦
ጭቃው አሁንም ይቀዘቅዛል።
ለኦረስት አልነገርኩትም።
ያውቃል።