አዳምጠው

ስሜ ዳምጠው ነው፤
አባቴ ያወጣው፣ ጠላቱን ጨፍልቄ እንድዳምጥለት።
እኔ ግን ከፊቱ አንዲት «አ» ጨመርሁበት፣
ጆሮ ቀጠልሁለት።

ሃያ ሁለት ዓመት ኤንትሬ ስነዳ፣
ሐረጎን ስወጣ በጨው ጭነት ፍዳ፣
ጓደኛ ሾፌሮች ሽቶና ሳሙና ከአሰብ ሲያሻግሩ፣
የእኔ ከወንበር ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልለው፣ ሸክላዎች ነበሩ።
አንዱን ከግሪክ ባሕረኛ፣ በሁለት ፍየል ዋጋ፤
አንዱን በትርፍ ጎማ፣ በሌሊት፣ ሳይነጋ።
(የመኪናው ጌታ ስለ ጎማው ሳያውቅ ሞተ። ነፍሱን ይማር።)

አሁን ደሴ ነኝ፣ ሸዋ በር፣ አንዲት ክፍል ቤት፤
ለማዳመጥም ሕግ አለኝ።
ጃዝ የክረምት ነው፤ ጦሳ ጉሙን ለብሶ መንገዱ ሲጠፋ፣
ሳክስፎኑ በዳበሳ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣
ኩርባ ኩርባውን ሲወርድ
እኔም ፍሬን እረግጣለሁ፣
ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ።
ሶል የሰኞ ማታ ነው፣ ገበያው ተበትኖ፣
ያልሸጠ ሰው በጉን እየጎተተ በደጄ ሲያልፍ።

ደግሞ ፊቱን አላስቀድምም። ጀርባውን ነው።
ሸክላም እንደ ሰው ነው፤
ፊቱን ለገበያ አጥቦ ያወጣዋል፣
ያልተሸጠ ነገሩን ጀርባው ያዝለዋል።

መርፌ ሳላሳርፍ እጄን እታጠባለሁ።
ጎረቤቴ ሙሄ፣ ልብስ ሰፊው፣ «ኡዱ ነው?» ይለኛል፣
«ለማይሰግድ ሰው?»
ይስቅና ዞሮ ሲንጀሩን ይረግጣል፣
ሳያውቀው እግሩ ከቤዙ ጋር ይሄዳል።

አንዲት ሸክላ አለች፣
ስሟን የአሰብ ጨው በልቶት መሐሏ የተላጠ።
ሴት ናት። ኦርጋን አለ።
ከበሮ መቺው ትንሽ ይዘገያል፣
የደከመው ሰው በር እንደሚያንኳኳ።
ፈረንጅኛው ለእኔም አይገባኝ፣ ለሙሄም፤
አንድ ቀን ግን መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ከበሬ ላይ ቆመና
«ይቺ ልጅ አምባሰል ናት» አለኝ።
«የት አውቀሃት?»
«ስትወርድ ስማት እስቲ! ገደል እኮ ነው የምትወርደው።»
አርባ ዓመት ሰምቻት ያልሰማሁላትን
ባንድ ትንፋሽ ሰጠኝ።
ከዚያ ወዲህ እዚያች ቦታ ስትደርስ
ጉልበቴ ይከዳኛል።

ያኔ ጦርነት ገብቶ ከተማው ሲጨልም፣
መብራት የለ፣ ውሃ የለ፣ ኮቴ እንጂ ሰው የለም፣
በሬን ቆልፌ ሸክላዋን በጣቴ
አዞርኋት፣ አዞርኋት፣ እስኪደርቅ አንገቴ።
ድምፅ ማጉያው ሞቶ
መርፌዋ ብቻዋን እንደ ትንኝ ዘፈነች፤
ስፈጥን ልጅ ሆነች፣ ስዘገይ አረጀች፣
ጣቴ ልኳን እስኪያውቅ ሦስት ሌሊት ፈጀች።
በአራተኛው ሌሊት ሙሄ ግድግዳውን መታ፣
በቀስታ፣ ሁለት ጊዜ፣
ልክ እንደ ከበሮ መቺው፣ ትንሽ ዘግይቶ።
ሰምቶ ይሁን ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ባለፈው የእህቴ ልጅ አቤኔዘር ስልኩን አወጣና
«ስሟን ይነግርሃል» ብሎ ወደ ሸክላዋ አስጠጋው።
ስልኩ ሰማ። ሰማ። አሁንም ሰማ።
«የለችም» አለ ልጁ።

ደስ አለኝ።
በደስታዬም አፈርሁ፤
የሆነ አገር እናቷ ያወጣችላት ስም አላት እኮ።
ሙሄ ክር እየበጠሰ «እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለ ከደጅ።
እጄን ታጠብሁ፣
ገለበጥኋት።