አንድ እጅ፣ ዘጠኝ እጅ

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ጭቃው ባጃጅ የሚውጥበት፣
አንድ ጤና ጣቢያ አለ፤ ቧንቧ ያለው፣ ውሃ የሌለበት።
ውሃ በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ ንጋት።
ምጥ ፈረቃ አያውቅም፤ ሲመጣ አይጠይቅም ሰዓት።

ሐሙስ ማታ ነበር። ዝናብ። መብራት ሄዶ ተመልሶ፣
ብርቂቱን በጋሪ አመጧት፣ ነጠላዋ በጭቃ ርሶ።
አማቷ ከኋላ ናቸው፤ በፌስታል ቅቤ ይዘው፣
«ለእትብቱ ነው» ይላሉ፣ እንደ አደራ ዕቃ አክብረው።

እኔ አዲስ ነኝ። ዲፕሎማዬ ላይ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤
የምጥ ጩኸት ስሰማ እግሬ መጠበቅ አያውቅም።
በሩ ላይ እታለማሁ ቆማለች፣ በሰፊ የጎማ ጫማ፣
መወልወያዋን እንደ በር መቀርቀሪያ አጋድማ።
«ሲስተር፣ እጅሽን» አለችኝ፣ ከእኔ በቀር ሰው ሳይሰማ።

የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ የደመወዝ መዝገቡ መጨረሻ።
እጅ ሰጠሁ። ሁለቱንም። ያለ ምንም መሸሻ።

ከበርሜሉ በጆግ ቀድታ አፈሰሰችልኝ፤ ቀጭን፣ ቁጥብ፣
ማክሰኞ ሳትተኛ ያጠራቀመችውን፣ ጠብ በጠብ።
በጣቶቼ መሃል፣ ከጥፍሬ ሥር፣ እስከ ክርኔ ሳሙና፤
«ገና ነው» ትለኛለች። ብርቂቱ ትጮኻለች። «ገና።»
እጄን በጋውኔ ልጠርግ ስል፣ ክንዴን አፈፍ አደረገች፦
«ይንጠብጠብ! ጋውንሽ ዛሬ ስንቱን ነክቶ ውሏል?» አለች።

ባልዲው ጥጉ ላይ ነው። ቀመሩን በቃሏ ታውቃለች፦
«አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ» እያለች ትለካለች።
ፊደል አልቆጠረችም፤ ዘጠኝን ግን አትስትም።
ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ ሰባት ቀን ያቀፈችው ነበራት፤ ስሙን አትጠራውም።
ባልተቀቀለ ምላጭ ተቆርጦ፣ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጡት እንቢ አለ።
የነገረችኝ ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልታከለ።

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ሆነ፤ ሽርት ውሃ፣ ደም፣ የአማት ስለት፣
አንድ ትንሽ ጭንቅላት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ጩኸት።
የተቀቀለ መቀስ። ከፕላስቲኩ አሁን የወጣ መቆንጠጫ። ንጹሕ ጨርቅ።
እትብቱ ላይ አመድ የለም፣ ቅቤ የለም፤ ራሱ ይድረቅ።

አማቷ ፌስታላቸውን ይዘው ቆሙ፤ የት ያድርሱት፣ ለማን ይስጡ?
እታለማሁ ወንበር ሳበች፦
«ለገንፎው ይሁን፣ እማማ፤ አራሷ ትብላው፤ ይቀመጡ።»

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ ሴት። ሦስት ኪሎ። ያዋለደች፦ ስሜ።
ለእታለማሁ የሚሆን ዓምድ ፈለግኩ፤ የለም። ቆየሁ፣ እስክሪብቶ ተሸክሜ።
ከውጭ ቧንቧው አሳለ። ዓርብ ገብቷል። አየር ተፋ፣ ዝገት ተፋ፤
እሷ በርሜሏን እያንከባለለች ትሮጣለች፣ ውሃው ሳይጠፋ።