ዝምድና

ሽንኩርት የጫነ መኪናዬን ከነዳጅ ማደያው ጀርባ አቁሜ፣
በእግሬ ላራሚ ገባሁ፣ ነፋሷን በደረቴ ተቋቁሜ።
የካውንቲው መዝገብ ቤት ምድር ቤት ነው፤ አምፖሉ ይንጣጣል፤
የአሮጌ ካርቶን ሽታ ከደረጃው ሥር ይመጣል።

ጸሐፊዋ ቀና አለች፣ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ።
«የሟች የቤተሰብ ስም?»
መለስኩላት እንደ እንግዳ፦
«በእኛ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው አለ፣ ቀጥሎ አባቱ፤
ስመኘው አንለይ፣ የእናቴ ወንድም፤ እዚህ ነው አሉኝ ሞቱ።»

በ«ኤ» ፈለገች። የለም።
በ«ኤስ» ፈለገች። የለም።
አንድ ፊደል ጨምራ፣ አንድ ቀንሳ፣ ገልብጣ። የለም።
ሰው በሞተበት አገር ሞቱ እንኳ አልተገኘም።

አያቴ ይታይሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥቁር አልለበሰችም።
ደብዳቤው ከቆመ ወዲህ አልቅሱልኝ አላለችም።
ጎረቤት «እርምሽን አውጪ» ቢላት፣ በሩን ነበር የምታሳይ፦
«መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ማነው የሚያለቅስ በልጄ ላይ?»
በዓመት አንድ ጋቢ እያሠራች፣ ለሚመጣው ትከሻ፣
ሃያ ሁለት ጋቢ አወረሰችን፤
ሳይቋጭ ቀረ የመጨረሻ።

ልወጣ ስል፣ «ቆይ» አለችኝ፤ «ስሙን እስቲ ቀስ ብለህ ጥራው።»
ዓይኗን ጨፍና ሰማች፣ የልብ ምት እንደሚያጣራው
ሐኪም። አንለይ። አንለይ።
ከዚያ ተነሥታ ወደ ሌላ መሳቢያ ሄደች፤
በ«ኤች» ከተደረደሩት አንዲት ካርድ ነቅላ መጣች።

ሄንሊ፣ ሳም።

አያቴ አንለይ፣ ደንበጫ ላይ በቅሎ ሲሸጥ ያረጀው፣
አርባ ምናምን ዓመት ፈረንጅ ሆኖ ከርሟል፣ ማንም ሳያውጀው።

ዕድሜ፦ ሠላሳ አንድ። ሥራ፦ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ቀን ሠራተኛ።
ምክንያት፦ የሳንባ ምች። ስድስት ቀን ተኛ።
በእነሱ ዲሴምበር ሃያ ስምንት፤ በእኛ የገብርኤል ዕለት፤
ሰዓቱ፦ ሦስት ከሠላሳ አራት። በእኛ ዘጠኝ፣ ሌሊት።
ጣቴን ቆጠርኩ፤ ደንበጫ ቀን ነበር፣ ሰባት ተኩል፤
ታቦት ሲገባ፣ አያቴ ቆማ ስትል እልል።

የአባት ስም፦ ሄንሊ።
የእናት ስም፦ አልታወቀም።
(ሃያ ሁለት ጋቢ። አልታወቀም።)

ከታች፣ በጠባቧ መስመር፣ «መረጃውን የሰጠ» ከሚለው ፊት፣
ኦፓል ክሪንገር ይላል፤ አከራይ። ፊርማዋ የተማሪ ልጅ ዓይነት።
እሷ ናት ሰምታ የጻፈችው፣ በትኩሳት የተቃተተውን ስም፤
ፊደል ጨመረችበት እንጂ ከአልጋው ራስ አልራቀችም።
ከሠላሳ አራት! እስከ ደቂቃ የሚያውቅ ነቅቶ ያደረ ሰው ነው።

እና አያቴ፣ በሩን ስታሳይ፣ ነጋሪው ለካ ነበረ፤
መንገድ አጥቶ፣ መሳቢያ ውስጥ ሲጠብቀን ኖረ።

«ስህተቱን ማረም ይቻላል» አለች፤ «ብቻ ማስረጃ አምጣ።»
አያቴ እናት እንደነበረች የሚል ወረቀት ከየት ይምጣ?
ከቅጂው ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩ፦ ይታይሽ መኩሪያ።
ጸሐፊዋ ዞራ አታሚውን ታየው ጀመር፣ ወዲያ።
ሽንኩርት ነው የጫንኩት፤ ዓይኔ ቢቀላ ሰበብ አላጣም።

«ሌላ የምትፈልገው?»
«አዎን። ኦፓል ክሪንገር።»
በአፍታ አገኘቻት፤ ስሟ በቦታው ነበር።
ሰማንያ ሦስት ዓመቷ። ባል የለ፣ ልጅ የለ።
ለእሷም «መረጃውን የሰጠ» በሚለው፣ የካውንቲው ነርስ አለ።

ቅጂ ለመውሰድ ቅጽ ሰጠችኝ። ስሜን ሞላሁ፣ አድራሻ፣ ቀን፤
«ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል ትንሽ ሣጥን
ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
«ለባዳ አይሰጥም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በአማርኛ ጻፍኩ፦ መርዶ ነጋሪያችን።

«ምን ይላል?» አለች፣ ብዕሯን አንሥታ።
«ቀስ ብዬ ልጥራልሽ» አልኳት፤
«እንደሰማሽው ጻፊው።»