የማን ልጅ ነሽ?

ማክሰኞ ነው። ሐኪሟ ከቤርሼባ የምትመጣበት፣
በዚያች ሞሻቭ በሽታ ሁሉ ተራ የሚይዝበት።
ሌላው ቀን የክሊኒኩ በር ቁልፍ፣
«ለድንገተኛ ደውሉ» የሚል አለ የተለጠፈ ጽሑፍ።
ጽሑፉ በዕብራይስጥ ነው፤ ሽማግሌው አያነበው፣
የኔጌቭ ነፋስ ነው እንጂ በአሸዋ ጣቱ የሚዳብሰው።

እኔ ሩቅ ነኝ፤ ሎድ ላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣
ደቂቃ የምትቆጥር ስክሪን ፊቴ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል።
ሥራዬ ድምፅ መሆን ነው፤ ፊት የለኝ፣ እጅ የለኝ፣
የሰው ሕመም እንደ ድልድይ ወዲያ ወዲህ የሚሻገርብኝ።
ደንቡም አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣
ከታማሚ ጋር አታውሪ፣ የራስሽን ነገር አታንሺ።

«ጠጂቱ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ነፋስ አለ፤ የመስመሩ ይሁን የደጅ።
ላሪሳ፣ ሐኪሟ፣ ጠየቀች፤ ዕብራይስጧ ገና ካፖርቱን ያላወለቀ የሩስያ ልጅ።
ምን ያማታል?
«ልቤን ልቤን ይለኛል።
ዓይኔ ላይ ጉም ይወርዳል፤ ሲመሽ መንገዱ ይጠፋኛል።
ሆዴ ደግሞ ይባባል።»

ልብን ለልብ ሰጠሁ። ጉሙን ለጉም።
«ሆዴ ይባባል»ን ግን የትኛው መዝገበ ቃላት ይሸከም?
«ሆዷ አዝኗል» አልኩ። ላሪሳ ጻፈች፦ የሆድ ሕመም።
ሦስት ሴቶች በአንድ ስልክ፤
ዕብራይስጥ የማናችንም የእናት ጡት አይደለም።

ስኳሯ ሦስት መቶ አልፏል። መርፌውን ትወስዳለች ወይ?
«እሺ» አለች ጠጂቱ።
ጠዋትና ማታ?
«እሺ።»
ቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጠዋለች?
«እሺ፣ የኔ ልጅ፣ እሺ።»

እኔ «እሺ»ን አውቃታለሁ።
ገባኝ ማለት አይደለችም፤ ቀስ ብላ የምትዘጋ በር ናት፤
አባቴ ለቀጣሪው፣ ለባንኩ፣ ለመምህሬ ያላት፣
ማታ ቤት ሲገባ ከጫማው ጋር ያወለቃት።
ግን አትጨምሪ ይላል ደንቡ።
«ቤሴደር» ብዬ አሻገርኳት። ዕብራይስጥ ለብሳ ያው ዝም አለች።

ከዚያ ጠጂቱ፣ ሐኪሟን ወደ ጎን ትታ፣
ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች መሰለኝ፤ ትንፋሿ ቀረበኝ ለአንድ አፍታ፦
«አንቺስ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

አሥራ አንድ ሰከንድ። ቆጠርኳቸው፣ ስክሪኑ ላይ ሲያልፉ።
ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ደንቡ ውስጥ የለም ምዕራፉ።
ሥራዬን ሠራሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
ለሐኪሟ አደረስኩላት፣
እንደ ደም ግፊት፣ እንደ ራስ ምታት፣ እንደ ማስነጠስ።
ላሪሳ ዝም አለች። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።
«ታዲያ ንገሪያታ» አለች።

«የፈረደ ነኝ፤ ማረሻ ይቀጠቅጥ የነበረው፣ ከወገራ የወረደ።»
«ኧረግ! የፈረደ!»
ስሙን ደጋግማ አላመጠችው፣
ከዚያ እውነቱን አወጣችው፦
«መርፌውን ጠዋት ብቻ ነው፤ ማታ የለም።
ፋርማሲው ኦፋኪም ነው፤ እግሬም እንደ ድሮው አይደለም፤
ዳገቱን አይችልልኝ፣ ከፌርማታው እስከ ቤቴ።
ባዬ ነበር በመኪናው የሚያመጣልኝ፤ እሱ ካረፈ ይኸው ዓመቴ።
ያለውን ማብቃቃት ነዋ፣ ዱቄት ሲያንስ እንደምናደርገው።
ለሷ ግን አትንገሪያት፤ ትቆጣለች።»

ሁሉንም ነገርኳት። «አትንገሪያት» ያለችውንም ጭምር።
ቀንሼ የት ላስቀምጣት፣ ያቺን ነገር?

ላሪሳ አልተቆጣችም። ኪቦርዷ ቆመ።
ነርሷ ሰልማ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከራሃት ስትመጣ፣
በዚያ በኩል ነው የምታልፈው፤ መድኃኒቱን ይዛላት ትምጣ።
ለዚህ ቅጹ ላይ ቦታ የለም።
ቅጹ ላይ የዓይን ቀጠሮ አለ፤ ቤርሼባ፣ የዛሬ ሰባት ወር፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል።
የመጀመሪያው አውቶቡስ ከሞሻቩ የሚነሳው ሦስት ሰዓት ሲል።

«እሺ» አለች ጠጂቱ።
ይቺኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሳልለይ መስመሩ ተቋረጠ።
አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። ከተፈቀደው በአራት በለጠ።

ሌላ ጥሪ፣ ከጽፋት። ሕፃን፣ ትኩሳት፣ ቃል የጠፋበት አባት።
«ሰላም፣ ተርጓሚ ነኝ» አልኩ፤
ስም አይነገርም፣ ደንቡ ነው።
ግን ትንሽ ቆየሁ፣
ምናልባት ከጠየቀኝ ብዬ።