ጋቢ የለበሰ ሞተር

ኅዳር ነው፣ ኮምቦልቻ። ገና አልነጋም ሰማዩ፣
የቦርከና ጉም ተነሥቶ ጋርዶታል ሜዳውን ከላዩ።
አውሮፕላኗ ቆማለች፣ አንድ ሞተር ሁለት ክንፍ፣
ጤዛው ሊረጋ ደርሶ ከጭራዋ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ።

አፍንጫዋ ላይ ግን ጋቢ አለ።
የይመር ጋቢ ነው። ማታ አውልቆ ያለበሳት፣
ዳርና ዳሩን በሲባጎ ጠፍሮ፣ ልክ እንደ አራስ የሸፈናት።
እሱ ፒካፑ ውስጥ አደረ፣ ካኪ ኮቱን ተከናንቦ፣
ጉልበቱን ካገጩ አጋጥሞ፣ እንደ ጃርት ተሰብስቦ።
«ሌላ ብርድ ልብስ አልነበረም?» አልኩት።
«ነበረ» አለኝ፤ «ደረብኩላት።»

ትናንት ማታ ከሐርቡ ስልክ ተደውሎ ነበር፦
አንበጣው ማሽላው ላይ አርፏል፣ ቆላውን ሞልቶት እስከ ድንበር፤
ግራሩ በክብደቱ ጎብጧል፣ አገዳው አይታይም፣
ቀይ ነው አሉን፣ ለጋ ነው፣ ገና እንቁላል አልጣለም።
የደወለው ሰው ስሙን እንኳ አልነገረን፤
«ነገ ጧት ካልደረሳችሁ፣ ከነገ ወዲያ አትድከሙ» ብሎ ዘጋብን።

አንበጣም እንደኛ ነው፤ ብርድ ጅማቱን ይይዘዋል፣
ፀሐይ ጀርባውን ካልመታችው ክንፍ ማንሣት ያቅተዋል።
ስሌቱ እንግዲህ ይኼ ነው፣ ልጅም ይገባዋል፦
እሱ ሳይሞቀው መድረስ።
ፀሐይ እንደሁ አታዳላም፤ ለሞተሩ ብላ ብትወጣ
ያንኑ እሳት ነው የምትሰጥ ሐርቡ ላይ ለተኛው አንበጣ።

ይመር የዘይት መለኪያውን ሳበ፣ በባትሪ መብራት አየው፤
አይንጠባጠብም ዘይቱ፣ እንደ ከረመ ማር ነው የረጋው።
«ቸኩለህ እንዳትነካት» አለና
ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ከደረት ኪሱ ጨመረው።
እኔ ካፒቴን ነኝ፤ ትከሻዬ ላይ አራት መስመር ክር አለ፤
እሱ ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣ። ካፒቴኑ ግን ዝም አለ።

ማግኔቶው መዘጋቱን ሦስቴ ጠየቀኝ፤ ሦስቴ «ተዘግቷል» አልኩ፤
አላመነኝም፣ ሄዶ አየ። ሁለት ጣት የጎደለው እጁን ሳይ አልተቀየምኩ።

ከዚያ ይለማመጣት ጀመር።
ፕሮፔለሩን በመዳፉ ይዞ ወደ ታች አንዴ፣
አረፍ ብሎ ሁለቴ፣
እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ፣
ውስጧ የተኛውን ዘይት ከእንቅልፉ እየቀሰቀሰ ሄደ።
አሥራ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። በመጨረሻው ቀለል አለው፤
ላቡ ከግንባሩ ጤሰ። «መጣች» አለ። እንዴት እንዳወቀ እሱ ነው የሚያውቀው።

ጋቢውን ገለጠ፣ ቁልፉን መለሰልኝ፣ ራቅ ብሎ ቆመና
ጎደሎ እጁን አሳየኝ፦ ሦስት ግፊት ነዳጅ፣ ሦስት ብቻ።
አራተኛው ጎርፍ ነው፣ አምስተኛው እሳት ነው፤
የይመር ልክ ሦስት ነው፣ ከዚያ በላይ ጣት የለው።

ነካሁት።
ክርርር፣ ክር።
ግማሽ ዞራ ቆመች፤ ባትሪው እንደ በሽተኛ አቃሰተ።
ከባቲ ወዲያ ሰማዩ ቀላ፣ የንጋት ስንጥቅ ተከፈተ።
«አብሽሪ» ሲል ሰማሁት በመስኮቱ፣
እኔን አይደለም፤ እሷን ነው ማጽናናቱ።

ደግሜ ነካሁት።
አንዱ ሲሊንደር ሳለ። ዝም። ሁለተኛው ተከተለ፣
ነጭ ጭስ ከሆዷ ወጥቶ ከቦርከና ጉም ተቀላቀለ፣
ከዚያ ስድስቱም ባንድ ድምፅ! የሜዳው ሣር ወደ ኋላ ተኛ፤
ከአጥሩ ወዲያ ቀና ብላ አየችን አንዲት የፋብሪካ ተረኛ።
እኔ ዓይኔን ከዘይት ግፊቱ መርፌ አልነቀልኩም።
ሃያ ሰከንድ። ሃያ አምስት።
እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ ስሙ ሦስቴ ተጠርቶ፣ ተነሣ።

ተነሥተን ስንዞር ቁልቁል አየሁት፣ ጥፍር የማታህል ነጭ ነጥብ፤
ይመር ነው፣ ጋቢውን ለብሷል፤ ሽታውን አውቀዋለሁ፣ ቤንዚንና ላብ።
ገና አሁን ሊሞቀው ነው።

ከፊቴ የሐርቡ ቆላ፤
ግማሹ ገና ጥላ ውስጥ፣
ግማሹ ላይ ፀሐይ አርፋለች።
እዚያኛው ላይ ማሽላው ይወዛወዛል።
ነፋስ የለም።