እስከ ሰኞ ድረስ

የሐምሌ ሐሙስ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣
የሕርማታ ነጋዴ ሸራውን ወጥሮ፣
ባጃጁ ሲዋከብ ዝናቡን ሊቀድም፣
አንዲት ሴት ገባች፤ እርምጃዋ ዝግም።

ከበሬ በላይ ወንድሜ ሲጽፈው
«ፌኔት የጥፍር ቤት»፣ «ፍ»ን ገደፈው፤
ሦስት ዓመቴ ነው በ«ጥር ቤት» ስሠራ፤
ክረምትም ቢሆን ጥር ነው በእኔ ጎራ።

«ቀለም ቀቢኝ» አለች። «ቀይ። ዐይን የሚይዝ።
እስከ ሰኞ ይቆይ፤ አይላጥ፤ አይደብዝዝ።»

ጣቶቿን ዘረጋች።
ሙሽራ አይቻለሁ፤ አስተማሪ አይቻለሁ፤
ጥፍሯን በጥርሷ የምትሞርድ ተማሪ አይቻለሁ፤
እንዲህ ያለ ግን…
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ድርብርቡ የተገለጠ፣
ጫፉ የነተበ፣ መሐሉ የሰረጎደ፣
ብርሃን የሚያሳልፍ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»
«አጥባለሁ። የሆስፒታሉን አንሶላ።
ሃያ ሁለት ዓመት፤ በበረኪና፣ በፈላ ውሃ።»
«ጓንት የለም?»
«ነበረ። አንዱ ይቀደዳል፤ ሌላው ብቻውን ምን ያደርጋል?»
ስሟ ዙልፋ ነው። ይህን ስትል ሳቀች።

ሞረዴን አነሣሁ። ወዲያ ወዲህ አላልኩም፤
ጥፍር እንደ ግንድ መጋዝ አይወድም፤
ከዳር ወደ መሐል፣ ባንድ አቅጣጫ፣ ቀስ፤
አሳጠርኩት፤ ረጅሙ ነው ቶሎ የሚፈርስ።
«ውሃ ውስጥ አትዘፈዝፊኝም?» አለች፣ ሌላ ቤት አይታ።
«የለም» አልኳት፤ «ጥፍር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል ላንዳፍታ፤
ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ቀለሙ ግን አይሰበሰብም፤
ያኔ ነው የሚሰነጠቀው። ሰውም እንዲሁ ነው» አልኩና
ምን ማለቴ እንደሆነ ራሴም አላወቅሁም።

ጥጥ ኮምጣጤ ነክሬ ወዙን ጠረግሁላት።
ከጉሎ ዘይቱም በብልቃጥ ቀዳሁላት፦
«ስትተኚ ሥሩን እሺው፤ ጥፍር ከጫፉ አይድንም።
ወር ይፈጃል፣ ሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ።
እንቁላል ብዪ። ምስር ብዪ።»
«ለጥፍር ብዬ?»
«ለጥፍር ብለሽ።»

መጀመሪያ ቀለም የሌለውን፤ ቀጥሎ ቀዩን፣ ስስ አድርጌ፤
ወፍራም ቅብ እንደ ሹመት ነው፤ ሲነሣ ባንዴ ነው።
የደረቀ ሲመስል አልደረቀም፤ ጠበቅሁ፤ ደገምሁ፤
የጥፍሩን አፍ በብሩሹ ጫፍ ዞሬ ዘጋሁ፤
ምስጢሩ እዚያ ነው፤ ቀለም የሚሸሸው በጫፉ በኩል ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር
እናቷን አነሣች፦ እንሶስላ ቀጥቅጣ፣
ጣቷን በቅጠል ጠቅልላ ስታሳድራት።
«ያ አይላጥም ነበር» አለች። «ከጥፍሩ ጋር ያድጋል፤
ከጥፍሩ ጋር ይቆረጣል።»
መልስ አልነበረኝም። የእኔ ቀለም ከቻይና ነው።

«የእግሬንም» አለች።
ቀባሁ። አሥሩንም።
«ሠርግ ነው?»
«የለም።»
«እንግዳ?»
«ሰኞ ጠዋት ኦፕራሲዮን አለኝ። ሆዴን።
እዚያው ነው፤ ባጠብኩት አንሶላ ላይ የምተኛው።»

ብሩሹ እጄ ላይ ቆመ።
እህቴ ነርስ ናት፤ አውቃለሁ፤
ከቢላው በፊት ቀለሙን ያስለቅቃሉ፣
ጥፍር ሲጠቁር፣ ደም ሲርቅ እንዲታያቸው።
«እኔም አውቃለሁ» አለች ፊቴን አይታ።
«ለዚህ ነው እስከ ሰኞ ያልኩሽ።
ማክሰኞን መች ጠየቅሁሽ?»

ሂሳብ አልቀበልም ብል ተቆጣች፤
እርጥብ ጥፍሯን እየጠበቀች
ብሩን በመዳፏ ገፋችልኝ።

ከዚያ ወሬዋ ጠፋ።
እህቴን ልጠይቃት እነሣና እተወዋለሁ።
በሆስፒታሉ አጥር በኩል ሳልፍ
ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ሲንሳፈፍ
ማን አጠበው እላለሁ።

መስከረም ገባ። አንድ ጠዋት፣ ገና ሳልጠርግ፣
ከስታ፣ የልጇን ትከሻ ተደግፋ፣ በሬ ላይ።
እጇን አልሰጠችኝም። ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።
የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ላይ፣
ወደ ጫፉ ሸሽቶ፣
ከሥሩ አዲስ ጥፍር ንጹሕ ሆኖ ወጥቶ፣
ቀዩ አለ። አልተላጠም።

«ይቺን ረሷት» አለች።