ሁለት ብሎኬት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ፣ ብረት ተሸክሞ፣
ሐረጎን የሚወጣ መኪና ሰምታችኋል፣ ቆሞ ቆሞ፣
በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት?
የኔም ቃር እንዲያ ነው፤ ጀምሮ ከእምብርት፣
ኩርባውን ዞሮ ዞሮ፣ ደረቴን እያቃጠለ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ፣ "አለሁ" አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ "ብርድ ነው" አልኩና፣
(ደሴ ላይ ብርድ የማይከሰስበት ምን በሽታ አለና?)
ተልባ ጠጣሁ፣ አብሽ ጠጣሁ፣ የጎረቤት ምክር ጠጣሁ፣
ሲብስብኝም ለስላሳ ከፍቼ አገሳሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሸዋ በር፣ ከጫማ ጠጋኞቹ ጎን፣
ሃያ ስምንት ዓመት ጎብጬ ተጫንኩት ሆዴን፤
የሰው ኮት ስገለብጥ፣ የሰው ሱሪ ሳሳጥር፣
የኔው ሆድ ተገልብጦ፣ ገበሩ ወጣ ወደ አፌ በር።

ሉባባ ናት እጄን ይዛ የጎተተችኝ፤
"ትሞታለህ አላልኩም፤ እኔ ግን አልተኛሁም" አለችኝ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ቱቦውን ከነመብራቱ
ሰድዳ አየችው፤ ቀልቷል አለች፣ ከሥሩ እስከ አንገቱ።
"የጨጓራህ አፍ ላልቷል፤ አሲዱን መያዝ ያቃተው።"
ገባኝ። ላስቲክ ነው። የሱሪ ወገብ ነው የላላው።
"ይቀየራል?" አልኳት። ሳቀች።
"አይቀየርም፤ እየጠበቁ ይኖሩታል እንጂ" አለች።

ኦሜፕራዞል። አንዲት ፍሬ፣ ከቁርስ በፊት ግማሽ ሰዓት፤
ጀማነሽ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሦስቴ ደገመችልኝ፣ እንደ ጸሎት፤
"ሲሻልህ እንዳትተወው።"
ሲሻለኝ ተውኩት።
በአሥራ አንደኛው ሌሊት መኪናው ሐረጎ ላይ ነበር፤ ጥሩንባውን ሰማሁት።

ሚጥሚጣን ሦስቴ ፈታኋት፣ በምስክር ፊት፤
ቡና ግን አንድ ስኒ ቀረች፣ እንደ ውሽማ፣ በጠዋት።
እራት ከመግሪብ ጋር ሆነ፤ ከዚያ ሦስት ሰዓት ቁጭ፣ ሬዲዮ ይዞ፣
እንቅልፍ እየጠራኝ፣ አንገቴ እንደ ሰነፍ ተማሪ ተሰብሮ፣ ደንዝዞ።

እንድሪስ በርጫ ላይ ሳቀብኝ፤ "ጨጓራ የፈሪ ሕመም ነው!"
በሳምንቱ ኮቱን ለጥገና ቢያመጣ፣ ከኪሱ ያገኘሁት የኔኑ ክኒን ነው።
ምንም አላልኩም። የተቀደደውን ኪስ ሰፋሁለት፣
ክኒኑን መለስኩና፣ እንዳይወድቅበት፣ ቁልፍ ጨመርኩበት።

"የአልጋህን ራስጌ ከፍ አድርግ" ተባልኩ፤ ትራስ መደራረብ አይሆንም።
ከግንበኛ ጎረቤቴ ሁለት ብሎኬት ለመንኩ፤ ሳንቲም አልተቀበለኝም።
በመጀመሪያው ሌሊት ሉባባ ተንሸራታ ከግርጌ ነቃች፣
ብርድ ልብሱን እየጎተተች፣
"አልጋ ነው ወይስ ሐረጎ?" ብላ ጮኸች።

ውኃ ሽንት ወጥቼ ቆምኩ፤ ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር።
ከተማይቱ ራሷን ጦሳ ላይ አስደግፋ፣ በጨለማው ዳር፣
እግሯን ወደ ቦርከና ዘርግታ፣
ደሴ ተኝታለች፣ ተዳፋት ላይ፣ ተመቻችታ።
ለካ እሷንም አንድ ሐኪም አዟት ኖሯል።
ብቻዬን ሳቅሁ። ውሻ መለሰልኝ፤ ብዙ ጮኋል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ "በግራ ጎንህ ተኛ" ያለችው ናት፤
በቀኝ መተኛት ሱና ነው እያልኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት
ፊቴን ለግድግዳው ሰጥቼ ነበር። ዞርኩ።
የሉባባን ፊት በመስኮቱ ብርሃን አየሁ፤ እንደ እንግዳ አፈርኩ።
ዓይኗን ገለጠች። "ሸብተሃል" አለች።
"መቼ?" አልኳት።
"ግድግዳውን ጠይቀው፤ እሱ ነው ሲያይህ የኖረው" አለችና
ዓይኗን መልሳ ከደነች።

ዛሬም አልፎ አልፎ፣ ሰርግ በልቼ ከመጣሁ፣
መኪናው ከታች ይነሣል፤ ማርሽ ሲቀይር እሰማለሁ።
ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።
ብሎኬቱ ይዟል።
ሉባባ እግሯን በእግሬ ላይ ጣል አድርጋለች፣
እንዳትንሸራተት።